እጄን ራሷ ላይ የምትጭነው እህቴ

ልጃችሁ አራት ዓመት ሞልቶት «እማዬ» ካላለ ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ይሆንባችኋል። በእኛ ደጃፍ አልፎ መድኃኒት ሳያዝ የሄደ ሰው አላስታውስም። ጎመን ሻጯ አዛለች። ጋሪ ነጂው አዟል። አንድ ቀን እንኳ የመካኒሳ መንገድ ጠፍቶበት ሊጠይቀን የቆመ መንገደኛ እህቴን ቁልቁል አየና «የአህያ ወተት አጠጧት» ብሎን ሄደ። መንገዱን እንኳ ገና ሳናሳየው!

አስካለ እባላለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የምማረው ስድስተኛ ክፍል ነው። ለክፍሉ ትልቅ መሆኔን አውቃለሁ፤ ምክንያቱን ስታነቡ ትደርሱበታላችሁ። የጤና አጠባበቅ አስተማሪያችን «በቤታችሁ የደረሰ ሕመም ጻፉ» ብለው ሲያዙን፣ የክፍሉ ልጅ በሙሉ ስለ ኩፍኝና ስለ ወባ ጻፈ። እኔ አንድ ገጽ ታዝዤ አምስት ገጽ አስረከብኩ። አስተማሪያችን ደብተሬን ሲመልሱልኝ «ይህን እኔ ብቻ ባነበው ኃጢአት ነው። አስፍተሽ ጻፊው፤ በትምህርት ቤታችን መጽሔት ይወጣል» አሉኝ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ! እስከ ቤቴ በሩጫ ነው የሄድኩት። ያን ቀን ቀለም ገዝቼ ተቀመጥኩ። ደስ ብሎኝ እየጻፍኩ ነው፤ የምጽፈው ግን ደስ አይልም። ስታነቡት አንድ ነገር ብቻ ብትይዙልኝ ይበቃኛል፦ ልጃችሁ ዝም ካለ ዝም በሉት እንጂ እኛ ያደረግነውን አታድርጉ።

እህቴ የሺ ትባላለች። አሁን ስምንት ዓመቷ ነው። ስትወለድ እንደ ማንኛውም ሕፃን ነበረች፤ እንዲያውም ከማንኛውም ሕፃን የምታምር። ሁለት ዓመት ሳይሞላት «ውሃ» ትል ነበር፤ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ አንድ ክረምት ሲወጣ ቃሏም አብሮ ወጣ። ስንጠራት አትዞርም። ዓይን ለዓይን አታይም። የተጣለ ቆርኪ ለቅማ ከግድግዳ ሥር በመስመር ትደረድራለች፤ አንዱን ብታነሡባት ጩኸቷ እስከ ቄራ ይሰማል። የጣሳ ክዳን መሬት ላይ አሽከርክሩላት፣ ያን ጊዜ ዓለም የእሷ ናት። በእግሯ ጣቶች ብቻ ነው የምትራመደው፣ ወለሉ እንደሚያቃጥላት። ጸጉሯን ማንም ሊነካው ስለማይችል ተኝታ እያለች እማዬ በመቀስ ትቀንሰዋለች። ከአንድ በኩል የተጋጠ ማሳ ይመስላል፤ የሰፈሩ ልጆችም ስም አወጡላት፤ ስሙን አልጽፈውም።

ማንም አይነካትም አልኩ እንጂ እኔ ሌላ ነበርኩ። የሺ ነገር ሲበዛባት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ወይም ወፍጮ ቤቱ ሲነሣ፣ እየሮጠች ወደ እኔ ትመጣለች። ፊቴን አታይም። እጄን ብቻ እንደ ዕቃ ታነሣና ራሷ ላይ ትጭነዋለች። እኔም ጫን አደርግላታለሁ፤ በደንብ፣ እንደ ሊጥ። ያን ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ትተነፍሳለች። የእናቴን እጅ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። የአባቴንም። የእኔን ብቻ። እማዬ አንዳንዴ ቆማ ታየንና «ምን አለበት የኔንም እጅ አንድ ቀን ብትሞክረው» ትልና ወደ ጓዳ ትገባለች።

እንግዲህ ይህ እጄ ነው በኋላ ላይ የካዳት።

መጀመሪያ የተባለው «ዓይን በልቷታል» ነው። ክታብ ታሰረላት፤ በጥርሷ በጥሳ ጣለችው። ቀጥሎ ጠበል ወሰድናት። ሰው ሁሉ ርኩሱ መንፈስ ሲጮኽ ለመስማት ከቧት ቆሟል። ውሃው ራሷ ላይ ሲወርድባት የሺ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሳቀች! እየተንከተከተች፣ እጇን እያራገበች፣ «ጨምሩልኝ» በሚል ሁኔታ። የቆመው ሰው ቅር አለው። አንዲት ሴትዮ «ይኼኛው የሚስቅ ነው፤ የሚስቀው ደግሞ ይብሳል» አለች። እኔ በሕይወቴ እህቴን እንደዚያን ሰሞን ደስተኛ ሆና አላየኋትም፤ ወደ ቤት ስንመለስ ግን እማዬ መንገዱን ሁሉ አለቀሰች።

ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ድሬሰሩ «ትል ነው» ብሎ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሰጣት። ሦስት ቀን አስቀመጣት። ትል ወጣ፤ ቃል አልወጣም።

በመጨረሻ ከተማ ወጥተን ትልቁ ሆስፒታል ገባን። አባባ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው፣ እማዬ ነጠላዋን ለብሳ፣ እኔ የሺን አዝዬ። ያን ጊዜ አራት ዓመቷ ነው፤ ግን ተራ ጥበቃ አግዳሚ ወንበር ላይ ስለማትቀመጥልን እንደ ሕፃን ካልታዘለች አይሆንም። ከጠዋት እስከ ቀትር እዚያ ቆየን። የሺ መጮኽ ስትጀምር ሰው ከአግዳሚው እየተነሣ ራቀን። አንዲት እናት ልጇን ጉልበቷ ውስጥ ሸሸገችና «ይተላለፍ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ በወሬ ይተላለፋል» አልኳት። እማዬ ቆነጠጠችኝ።

ተራችን ሲደርስ ፈረንጁ ዶክተር ከየሺ ጀርባ ቆሞ ትንሽ ደወል አንቃጨለ። የሺ ፊት ለፊቷ የቆመውን አስተርጓሚ የቀለበት ድንጋይ እያየች ስለነበረ አልዞረችም። ደግሞ አንቃጨለ። አልዞረችም። ዶክተሩ አንድ ነገር ጻፈ፤ አስተርጓሚው ነገረን።

«ደንቆሮ ናት ይላሉ።»

«ኧረ ትሰማለች ጌታዬ!» አለች እማዬ። «ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ጆሮዋን ይዛ ነው የምትጮኸው!»

አስተርጓሚው ይህን ለዶክተሩ እንኳ አልነገረውም። «እናት ሁሉ እንዲህ ነው የምትለው» አለና ቀጣዩን ጠራ።

ቤት ስንገባ አባባ «በቃ፣ ደንቆሮ ናት። ደንቆሮም ይኖራል» አሉ። እኔም በዚያው ዓመት ከሦስተኛ ክፍል ቀረሁ። ማንም «ቅሪ» አላለኝም፤ ማንም «ሂጂ»ም አላለኝም። የሺን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበር፣ እጅ የምትሰጠው ደግሞ ለእኔ ብቻ ነው። እማዬ ከማኅበር ከወጣች ቆይታለች፤ ተራዋ ሲደርስ ቤታችን ሰው ይገባልና። ሠርግ መሄድ ቀረ። በኋላ ለቅሶም ቀረ። ለቅሶ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የአባባ የዕድር ዳኛ መጥተው በሩ ላይ ቆመው «ሰው ያልቀበረ በማን ይቀበራል?» ብለው ሄዱ። አልገቡም፤ ግቡም አላልናቸውም። እንግዳ የሚባለውን ነገር ከበራችን ያባረርነው ራሳችን ነን፤ የሺ በማንም ላይ በር አልዘጋችም።

አሁን ወደ ብልሃቴ ልምጣ። ያኔ በጣም የኮራሁበት ብልሃት ነው።

አባባ የስልክ ሽቦ ሠራተኛ ናቸው፤ ምሰሶ ይተክላሉ፣ የተበጠሰ ሽቦ ይቀጥላሉ። ከቤታችን ጀርባ ወደ ጀሞ እርሻ የሚወርደው የምሰሶ መስመር በእሳቸው እጅ የተተከለ ነው። እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት ኖረን፣ አንድ ከሰዓት የሺ ከእጄ አምልጣ ጠፋችብኝ። እየጮኽኩ ስፈልግ ሜዳው ላይ አገኘኋት፤ አንዱን ምሰሶ እንደ እናት አቅፋ፣ ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍናለች። ስጠጋት «ምምምም» ትላለች። ምን ሆነች ብዬ እኔም ጆሮዬን አስጠጋሁ። ነፋሱ ሽቦውን እየነዘረው ምሰሶው ውስጡን «ምምምም» ይላል። የእህቴ ድምፅና የምሰሶው ድምፅ አንድ ነበር። ነፋሱ ሲበረታ ድምፁ ከፍ ይላል፤ እሷም ከፍ ታደርጋለች። ሲወርድ ትወርዳለች።

ደንቆሮ? የምን ደንቆሮ!

አባባን እጃቸውን ይዤ እየጎተትኩ አመጣኋቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም። ከዚያ ራሳቸው ፈተና አወጡ። የሺ ከአንዱ ምሰሶ እንደተለጠፈች፣ እሳቸው ርቀው ወደ ሌላው ምሰሶ ሄዱና ወጥተው ሽቦውን በፒንሳ መታ አደረጉት። የሺ ሳቀች። ደግመው መቱ። ደግማ ሳቀች። ቆም ብለው ቆዩ፤ የሺ እጇን እያራገበች ጠበቀች። ሦስተኛ ሲመቱ ተንከተከተች። አባባ ከምሰሶው ወርደው ሲመጡ ፊታቸው ርሷል። «ላብ ነው» አሉኝ፤ ብርድ ነበር። «አስካልዬ፣ ያ ሁሉ ሐኪም ያላወቀውን አንቺ አወቅሽው» አሉኝ። ያን ዕለት ከእኔ በላይ ብልህ ሰው በነፋስ ስልክ አልነበረም።

በማግስቱ ወሬውን የሰሙት አክስቴ እትዬ ምንትዋብ መጡ። የአባባ ታላቅ እህት ናቸው፤ እሳቸው የተናገሩት በቤታችን ከሕግ አያንስም። ነገሩን ከእኔ አፍ አዳመጡ። ከዚያ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«በሉ እንግዲህ! ጆሮዋ ደህና ከሆነ ነገሩ ምላሷ ላይ ነው። እንጥሏ ወርዶ ምላሷን ተጭኖታል። ይህን ሁሉ ዘመን ጆሮ ስንፈልግ!»

እንጥል ማለት ከጉሮሮ በላይ የምትንጠለጠለዋ ሥጋ ናት። እኛ ዘንድ ልጅ ካሳለው እንጥሉ ወረደ፣ ካስታወከው ወረደ፣ ካልተናገረም ወረደ ነው። ወጌሻ ይጠራና ትቆረጣለች። ብዙ ሰው ተቆርጧል፤ እኔም በሕፃንነቴ ተቆርጫለሁ አሉ። እማዬ ዓይኗ በራ። «ከተቆረጠች ትናገራለች?» አለች። እትዬ ምንትዋብ «የእገሊትን ልጅ አላየሽም? በሦስተኛው ቀን 'እማዬ' አለ» አሉ። እገሊት ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላገኘናትም።

አያችሁት? «ትሰማለች» ያልኩት እኔ ነኝ። ባላውቅ ኖሮ ደንቆሮ ተብላ በሰላም ትኖር ነበር።

ወጌሻዋ በምትመጣበት ቅዳሜ ጠዋት ወተት የምታመጣልን እትዬ ጫልቱ እንደ ልማዷ መጣች። ከጀሞ በኩል ካለው እርሻቸው በየጠዋቱ ቅል ይዛ ትመጣለች። እማዬ ጨርቅ ስትቀድ አይታ «ማን ታሟል?» አለች። ነገርናት።

እትዬ ጫልቱ ቅሏን መሬት አስቀመጠች። «ወንድሜ ገመቹ አርባ ዓመቱ ነው። እስከ ዛሬ አንድ ቃል ከአፉ አልወጣም። አጥር ግን እንደሱ የሚያጥር በዚህ አገር የለም፤ አንዲት እንጨት ከመስመር አትወጣም። ዝም ብሎ ኖረ። ማን ሞተ?» አለች። ከዚያ የሺን አይታ «ኢንተላ ኮ» አለች፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው፤ «ተዪያት፣ በላይነሽ። አትንኪያት።»

የእናቴ ስም በላይነሽ ነው። ያን ጠዋት ግን ስሟን እንደ ስድብ ሰማችው። «የኔ ልጅ የሰው አጥር አታጥርም!» ብላ ጮኸችባት። «አንቺ ወተትሽን ስፈሪና ሂጂ!»

እትዬ ጫልቱ ሰፈረች፤ እንዲያውም ጨመር አደረገች። ሄደች።

ወጌሻዋ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ጨዋታ የምትችል ሴት ነበረች። ክፉ ሴት ብላት በወደድኩ። ሸምበቆ አወጣች፤ በውስጡ የፈረስ ጭራ ገመድ እንደ ሸምቀቆ ተሰክቷል። የጋሪ ፈረስ ጭራ። «የሚይዛት ማነው?» አለች።

እትዬ ምንትዋብ ሞከሩ፤ ተነከሱ። አባባ ሞከሩ፤ የሺ ሆዳቸውን ረግጣ ከእጃቸው ወጣች፤ ጓዳ ገብታ ከጆንያ ኋላ ተወሸቀች። ያን ጊዜ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

«አስካልዬ፣ ለአንቺ እጅ ትሰጣለች» አለች እማዬ። «አንድ ጊዜ ነው። ነገ በስምሽ ትጠራሻለች።»

ስሜን። በየሺ አፍ «አስካለ» ሲባል ለመስማት የማልሰጠው ነገር አልነበረም። እውነቱን ለመጻፍ ከተነሣሁ ይህንንም ልጻፈው፦ አስገድደውኝ አይደለም።

ጓዳ ገባሁ፤ መሬት ተቀመጥኩ፤ ጠበቅኳት። ብዙ አልቆየችም። ከጆንያው ኋላ ወጣች፤ መጣችና ፊቴን ሳታይ እጄን አነሣች፤ ራሷ ላይ ጫነችው። ዓይኗን ጨፈነች። ጫን አደረግኩላት። ተነፈሰች። እማዬ ከበሩ «አሁን» አለችኝ፤ ያን ጊዜ በዚያው እጄ ራሷን ጨምቄ ያዝኩ፣ በሌላው አገጯን። ወጌሻዋ ገባች።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። አንድ ነገር ብቻ፦ የሺ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝ።

ወጌሻዋ ቅጠል ላይ ያስቀመጠችውን ትንሽ ሥጋ ለእማዬ አሳየቻት። «ይኸው፣ ይኼ ነበር ቃሏን የያዘው። በሦስት ቀን ትናገራለች» አለች። እማዬ የሺ አጠገብ መደብ ላይ ተቀመጠች። ለሦስት ቀን ከዚያ አልተነሣችም፤ የመጀመሪያው ቃል እንዳያመልጣት። ደሙ ቆመ ሲሉት ይመለሳል። በሁለተኛው ቀን ጉሮሮዋ አበጠ፤ ውሃ እንኳ በአፍንጫዋ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን የሺ አፏን ከፈተች፤ እማዬም ጎንበስ አለች። የወጣው ሽታ ነበር። ገላዋ እንደ ምጣድ ይፋጃል።

«ወጌሻዋን ጥሯት» አሉ እትዬ ምንትዋብ።

አባባ በሕይወታቸው ለታላቅ እህታቸው መልስ ሰጥተው አያውቁም። ያን ዕለት የሺን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ተነሡና «እትዬ፣ ከበሩ ላይ ዞር ይበሉልኝ» አሉ።

ጋሪ ነጂው ያን ሁሉ መንገድ ፈረሱን ሲያስጋልብ ሄደ፤ አባባ ሒሳብ ሊሰጡት ቢሉ «ልጅቱ ስትድን» ብሎ ዞረ። እንዲህ ያለ ሰውም አለ። እዚያው ሆስፒታል፣ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ደረስን። በዚህኛው ቀን ማንም አልራቀንም፤ የሺ አልጮኸችምና። ጸጥ ያለች፣ ጨዋ፣ ሰው ሁሉ የሚወዳት ዓይነት ልጅ ሆና ነበር። አንድ ሽማግሌ «እንዴት ያለች ልበ ሰፊ ልጅ ናት» አሉ። ልጮኽ ፈለግኩ።

አንዲት ሲስተር፣ የእኛው አገር ሰው፣ ስታልፍ አየቻትና ተራ ሳታስጠብቀን አስገባችን። አፏን በባትሪ አየች። «ማን ነው የቆረጣት?» አለች። ነገርናት። «ማን ያዛት?»

አባባ መሬት አዩ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«እኔ» አልኩ።

ሲስተሯ ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። አየችኝና «ስንት ዓመትሽ ነው?» አለች። «አሥራ አራት።» «ነይ፣ አሁንም ትይዣታለሽ። አሁን ለመርፌ ነው» አለች። የሺ ግን እጄ ሲቀርባት ያንን ሁሉ ትኩሳት ተሸክማ ከአልጋው ልትወድቅ ሸሸች። ሲስተሯ ራሷ ያዘቻት።

ቁስሉ መርቅዞ መርዙ ወደ ደሟ ሊገባ ነበር አሉን። ፔንሲሊን በየአራት ሰዓቱ ተወጋች። እኛ በየተራ ከአልጋዋ ሥር ተኛን። ሲስተሯ የመርፌ መቀቀያውን ክዳን አምጥታ የሺ አጠገብ ወለሉ ላይ ያሽከረከረችበት ቀን ነው «ትተርፋለች» ያልኩት፤ የሺ አንገቷን ቀና አድርጋ ክዳኑ ቆሞ እስኪወድቅ ድረስ አየችው። ስንት ትልልቅ ሰው «ምን ይሻላታል?» ሲል ኖሮ የሚሻላትን የጠየቀ አልነበረም፤ ይህች ሴት ግን ሳትጠይቅ አወቀችው።

የሺ ስትድን ሌላ ፈረንጅ ዶክተር መጣ፤ ከመጀመሪያው የተለየ። ብዙ አያት፤ ቆርኪ ሰጣት፣ ስትደረድር ተመለከተ። ከዚያ በፈረንጅ አፍ የነገሩን ስም ተናገረ፤ ሲስተሯ ታስተረጉምልናለች። ጆሮም፣ ምላስም፣ ዓይንም፣ መንፈስም አይደለም አለ። አንዳንድ ልጆች እንዲህ ሆነው ይመጣሉ፤ ዓለም በጣም ትጮኽባቸዋለች፣ ሰው ደግሞ ይበዛባቸዋል።

«በአማርኛስ ምን ይባላል?» አለች እማዬ።

«በአማርኛ ስም ገና አልወጣለትም» አለች ሲስተሯ።

«መድኃኒቱስ?»

«የለውም።»

እማዬ ራሷን ነቀነቀች። ነገሩ እዚያ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ዶክተሩ ግን አንድ ጥያቄ ጨመረ፤ ሲስተሯ ለማስተርጎም ተቸገረች፤ እንዲደግመው ጠየቀችው፤ ደገመው።

«ልጅቱን ስትወለድ ትወዷት ነበር ወይ፣ ታቅፏት ነበር ወይ፣ ነው የሚሉት» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። «በመጽሐፍ እንዲህ ያለው ከእናት ቅዝቃዜ ይመጣል ተብሎ ተጽፏል ይላሉ።»

እማዬ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። የቀሚሷን እጅጌ እስከ ብብቷ ጠቀለለች፤ አንደኛውን፣ ከዚያ ሁለተኛውን። የየሺ ጥርስ ከእጅ አንጓዋ እስከ ትከሻዋ አለ፤ አሮጌው ነጭ ሆኖ፣ አዲሱ ጠቁሮ። ሁለቱንም ክንዶቿን ዶክተሩ ፊት ዘረጋች።

«ማቀፌን ከዚህ ይቁጠረው በይው» አለች።

ሲስተሯ አላስተረጎመችም። አላስፈለገም። ዶክተሩ ተነሥቶ ቆመ።

ወደ ቤት ተመለስን። «ዳነች» ተባለ፤ ጎረቤት «እንኳን እግዜር ማረልሽ» አለ። አዎ፣ ድናለች፤ እኛ ካመጣንባት ሕመም ድናለች። የመጣችበት ነገር ግን እንዳለ ነው፤ ቃል የለም፣ ቆርኪው አለ፣ በጣት መራመዱ አለ። አዲስ የተጨመረ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው እጁን ሲያነሣ፣ ዝንብ ለማባረር እንኳ ቢሆን፣ የሺ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። ወደ እኔ ደግሞ ጭራሽ አትመጣም። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ጥግ ገብታ በገዛ እጇ ራሷን ትጫናለች፤ አይበቃትም፤ ግድግዳው ላይ ትገፋዋለች። እኔ ማዶ ተቀምጬ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አያታለሁ።

እንግዲህ ትምህርት ቤት እንዴት እንደተመለስኩ ይኸው፦ እህቴ ስለማትፈልገኝ ቤት የምቀመጥበት ምክንያት አለቀ። አባባ «ሂጂ ተማሪ» አሉኝ። ከእኔ በብዙ ካነሱ ልጆች ጋር ሦስተኛ ክፍል ተቀመጥኩ፤ በዓመት ሁለት ክፍል እያለፍኩ ዛሬ እዚህ ደርሻለሁ። ይህን ሁሉ የምጽፍበት ፊደል፣ አስተማሪዬ ያመሰገኑት እጅ ጽሕፈት፣ ያ ሁሉ ደስታዬ፣ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ላለመደሰት ሞክሬ አልቻልኩም። ይህንንም ፍረዱብኝ።

የሺን የሚጠብቃት ማነው ካላችሁ፣ እማዬ አንድ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ወደ ጀሞ ወረደች። የእትዬ ጫልቱ ደጅ ላይ ቆመች። ምን ብላ ይቅርታ እንደጠየቀች አላውቅም፤ እትዬ ጫልቱ ግን «ወተቱ እንዳይረጋ፣ ግቢ» ብላ አስገባቻት አሉ። አሁን የሺ ጠዋት ጠዋት እዚያ ትውላለች። ገመቹ አጥር ያጥራል፤ እሷ እንጨቱን በቁመት በቁመት እየለየች ታቀብለዋለች። ሁለቱም አይተያዩም፣ አይነጋገሩም። እንጨት የሳተችበት ቀን የለም ይላሉ። እማዬም ከስንት ዓመት በኋላ ለቅሶ ደረሰች፤ ስትመለስ ከሐዘንተኛው ይልቅ የእሷ ፊት ነበር ያበጠው።

ይህን ጽሑፍ ባለፈው እሑድ ግቢያችን ቁጭ ብዬ ለእማዬ አነበብኩላት። ማንበብ ስለማትችል እያቆመች «ምን አልሽ?» ትለኛለች። «ያዝኩ» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን በመዳፏ ሸፈነችው። «እኔ 'አሁን' ባልልሽ መች ትይዣት ነበር? የኔንም ጥፋት ጻፊው። ለብቻሽ አትውሰጂው» አለችኝ። ለዚህ ነው ከላይ «አሁን» የሚለውን የምታገኙት፤ መጀመሪያ አልጻፍኩትም ነበር።

ማንበቡን ሳልጨርስ ደመናው ዞረ፤ ትልልቅ የዝናብ ጠብታ ቆርቆሮውን መታው። የሺ ከግድግዳው ሥር ቆርኪዎቿን ጥላ ተነሣች። ጥጓ ትሄዳለች ብዬ ነበር። መጥታ አጠገቤ ቆመች። ፊቴን አላየችም። አልተነቃነቅኩም፤ እማዬም እስትንፋሷን ያዘች። የሺ ቀለም የነካውን ቀኝ እጄን ከጉልበቴ ላይ አነሣችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልነካችውን እጅ። ቀስ ብላ ራሷ ላይ አስቀመጠችው። ዓይኗን ግን አልጨፈነችም፤ በሌላኛው እጇ አፏን በመዳፏ ጥብቅ አድርጋ ሸፈነች።

እንደዚያ እንዳለች ጫን አደረግኩላት።